የባለሜትሯ ቁመት

ባለሜትሯ ተሳስታ አታውቅም፤ ሌላው ቢቀር በሳንቲሜትር። ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ ወገቡ ስንት፣ ትከሻው ስንት እንደሆነ በዓይኗ ጨርሳዋለች፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ የምትለካው ለወጉ ያህል ነው። አንዴ አንዲት ሙሽራ "እትዬ፣ ቀንሻለሁ አይደል?" ብትላት፣ "ቀበቶሽን ነው ያጠበቅሽው እንጂ አንቺስ እንዳለሽ ነሽ" ብላ አስለቅሳታለች። ሙሽራዋ አልቅሳ ስታበቃ ግን ሌላ ልብስ ሰፊ ፍለጋ አልሄደችም። ባለሜትሯ የሰፋችው ልብስ ሰው ላይ ቁጭ ይላል፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። ሰፈሩ በሌለችበት ባለሜትሯ ይላታል፣ ፊት ለፊት ግን እትዬ ነው፤ ምላሷን የማይፈራ የለም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ለራሷ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍታ ጉድ የሆነችው። የተቆረጠበት ልክ የራሷ ነው፤ በወፍራም ወረቀት አውጥታ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ለዓመታት ስትሠራበት የኖረችው። ቀሚሱን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ጠርዙ ጫማዋ ላይ ተኛ። አጠፈችው። ጥቂት ወራት ቆይታ ስትለብሰው ደግሞም ወረደ። "ይሄ ጨርቅ ይለጠጣል" ብላ ጨርቅ ነጋዴው ጋ ሄደችና ሰውዬውን በደንበኞቹ ፊት እንዳይሆን አድርጋው ተመለሰች። ነጋዴው እንኳን ሊከራከራት፣ ከፊቱ ዞር እንድትልለት ብሎ ሌላ ጨርቅ በነጻ ሰጣት። ከዚያኛው የሰፋችውም ወረደ።

ልብ በሉ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቁመት ስትለካ የኖረች ሴት ናት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ይህ ኖሯል።

ሁለተኛው ቀሚስ ሲወርድ ግን ጥፋተኛ ተገኘ። ሱቋን ከአንድ ሱሪ ሰፊ ጋር ትጋራለች። ሱቁ አንድ ክፍል ነው፤ በመንገዱ በኩል መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ሁለት የስፌት መኪና፣ መሃል ላይ ጨርቅ የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የሚለካባት ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ ተመላሹም ሁልጊዜ ሱሪ ሰፊው ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሩ ይዞ የሚውል ሰው ነው፤ ደንበኞች "እንዳያወራ የከለከለው መርፌው ነው" ይላሉ። ጠረጴዛውም ካውያውም የሁለቱ የጋራ ነው።

"ቀሚሴን በእርጥቡ ተኩሰህ ጎትተኸዋል" አለችው።

ሰውዬው መርፌውን ከአፉ አወጣ። ቀሚሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማዋን አየ።

"እንዳልሽው ይሁን። እኔ ነኝ" አላት።

በቃ ተኳረፉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያኮረፈችው እሷ ናት፤ እሱማ ከድሮውም አያወራም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚነገረው ነገር ሲኖር የምትነግረው ለአሻንጉሊቷ ሆነ። "ለዚያ ሰውዬ ካውያውን እንዲነቅለው ንገሪልኝ" ትላለች ጆሮ ለሌላት አሻንጉሊት። እሱም ሳይስቅ ተነስቶ ይነቅላል። ይህን ለማየት ብቻ ብለው ያልወለቀ ቁልፍ ሊያስተክሉ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩ።

የአጥንቷ ነገር የወጣው በዚህ ኩርፊያ መሃል ነው። አንድ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ የገበር ጨርቅ ጥቅል ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ጀርባዋ መሃል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጥቅሉ ከባድ አልነበረም፤ የሱን እጥፍ ስታወርድ የኖረች ሴት ናት። ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ሱሪ ሰፊው ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላት። "አልቀመጥም በይልኝ" አለች ለአሻንጉሊቷ፤ አለችና ተቀመጠች።

ብርድ ነው ብላ ቅባት ተቀባች። ብርድ ነው ብላ ፎጣ አሙቃ አሰረችበት። ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ልጇ መጣችና "እማዬ፣ ብርድ ስንት ሳምንት ይቆያል?" አለቻት። ልጇ አስተማሪ ናት፤ ጥያቄ ከጠየቀች መልስ ትጠብቃለች። ባለሜትሯ መልስ ስላልነበራት ሐኪም ቤት ሄዱ።

የአጥንት ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ራጁን መብራቱ ላይ አድርጋ ካየች በኋላ "እናቴ፣ ቁመትዎ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አንድ ሜትር ከስልሳ ስድስት" አለች ባለሜትሯ። የስሟን ያህል እርግጠኛ ነበረች።

ነርሷ ጫማዋን አስወልቃ ግድግዳው ላይ ካለው መለኪያ ሥር አቆመቻት። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።

"መለኪያችሁ ተበላሽቷል" አለች። ልጇ ከሀፍረቷ የተነሳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ባለሜትሯ ከቦርሳዋ የራሷን ሜትር አወጣችና የታችኛውን ጫፍ ነርሷን አስይዛ የግድግዳውን መለኪያ ለካችው። ልክ ነው። ደገመችው፤ አሁንም ልክ ነው። ሜትሩን ጠቅልላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። አረንጓዴው ቀሚስ ትዝ አላት። ጨርቅ ነጋዴው ትዝ አላት። ሱሪ ሰፊው ትዝ ሲላት ዓይኗን ጨፈነች።

"ከጀርባ አጥንትዎ አንጓዎች አንዱ ተጨፍልቋል" አለች ሐኪሟ። "ሳይታወቅዎት ቀደም ብሎ የተጎዳም ያለ ይመስለኛል። አጥንትዎ ሳስቷል።"

መሳሳት ምን እንደሆነ ለባለሜትሯ ማስረዳት አላስፈለገም። የሳሳ ጨርቅ ታጥፎ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ብርሃን ላይ ሲዘረጉት ነው ጉዱ የሚታየው። የአጥንት ጥንካሬ የሚለካው ማሽን ላይ አስተኝተው ሲያዩአት የሐኪሟ ግምት ልክ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጇ አለቀሰች። እናትየዋ ግን አላለቀሰችም፤ ተናዳለች። በሽታ ማለት የሚያም ነገር ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ ይሄኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያማት ስንት ዓመት ሲሰርቃት ኖረ። ከሁሉም የባሰ ያናደዳት ደግሞ የሰረቃት በሳንቲሜትር መሆኑ ነው።

ሕክምናውን መምረጥ የነበረባቸው በቀጣዩ ቀጠሮ ነው። እስከዚያው ልጇ ስልኳ ላይ ስታነብ ሰነበተች፤ ያነበበችውም ሁሉ አስደነገጣት። "መንጋጋ የሚጎዳ አለ፣ ጨጓራ የሚያቃጥል አለ፣ ሲያቆሙት የሚብስ አለ። እማዬ፣ ምንም አትውሰጂ። ሱቁን ትተሽ ቤት አርፈሽ ወተትሽን እየጠጣሽ፣ ፀሐይ እየሞቅሽ ትቀመጫለሽ።"

"እንደ ድመት?" አለች እናት።

"እንደ ሰው ነው እንጂ። ሥራ ይብቃሽ።"

ባለሜትሯን ከስብራቱ በላይ ያስፈራት ይህች "ይብቃሽ" ናት። መቀሱን ያስቀመጠች ቀን ምን እንደምትሆን አታውቅም። ገና በልጅነቷ መቀስ ጨብጣ፣ በመቀስ ልጅ አሳድጋ፣ ባሏን በመቀስ ቀብራ እዚህ የደረሰች ሴት ናት። ቀጠሮው ደርሶ ሐኪሟ ጋ ሲገቡም ልጇ አፏን ሳትከፍት ቀደመቻት።

"እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፣ ዶክተር። ቆሜ ጨርቅ መቁረጥ እችላለሁ ወይስ አልችልም?"

"ይችላሉ" አለች ሐኪሟ። "እንዲያውም ቤት መቀመጡን አልመክርዎትም። አጥንት ሥራ ከፈታ ይብስ ይሳሳል። ግን እየተጎነበሱ መሥራትና ከባድ ነገር ማንሳት ቀርቷል። ጠረጴዛዎ እስከዚህ ከፍ ማለት አለበት" አለችና ከባለሜትሯ ክርን ትንሽ ዝቅ ብላ ነካቻት። "ከዚያ መድኃኒቱ አለ። አንዴ እንዲህ የተሰበረ ሰው ሌላ እንዳይሰበር ያሰጋል፤ ቀጣዩ ዳሌ ከሆነ ያኔ ጨርቅ ስለ መቁረጥ አናወራም። ወተቱም ፀሐዩም ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃዎትም።"

ልጅየዋ ስለ መንጋጋው ጠየቀች። ሐኪሟ አልሸሸገችም፤ ያጋጥማል፣ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው፣ ይበልጥ የሚያሰጋውም የተበላሸ ጥርስ ላለበት ሰው ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ጥርስ ይታያል አለች። ባለሜትሯ በዚህ ጊዜ አፏን ግጥም አደረገች። ማንም ልብ አላላትም።

ከዚያ ማማረጥ ሆነ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ በብዙ ውሃ ውጦ፣ ሳይበሉና ሳይተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ መቆየት ነው። ቀጥ ብሎ መቆየቱ አልከበዳትም። ግን ቃር አለባት፤ ጉሮሮዋ ኪኒን ሳይጨመርበትም ይቃጠላል። "ጨርቁ ደህና ነው፣ ለኔ ግን አይሆንም" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። በየስድስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ለጨጓራ ደግ ነው፤ ቀኑን ካሳለፉት ወይም በራስ ፈቃድ ካቆሙት ግን የተገኘው ሁሉ ይፈርሳል፣ አንጓም ሊሰበር ይችላል። ባለሜትሯ ራሷን ታውቃለች፤ የሠርግ ሰሞን ምሳ መብላት የምትረሳ ሴት መርፌ አትረሳም ማለት ራስን ማታለል ነው። መርፌው አንዳንዴ ከገበያ እንደሚጠፋም ሐኪሟ አልደበቀቻትም። በየቀኑ ራስን የሚወጉት፣ አጥንት የሚገነባ ሌላም ነበር፤ እሱን ግን ሐኪሟ ራሷ "ሌላ ስብራት ከመጣ እንነጋገርበታለን" ብላ አቆየችው። የቀረው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ነው። ኩላሊት ይመረመራል፣ የጎደለው ቫይታሚን ዲ አስቀድሞ ይሞላል፣ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሁለት ቀን እንደ ጉንፋን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ ሰላም ነው።

"ያጠረውን ይመልስልኛል?"

"አይመልስም" አለች ሐኪሟ። "ያለዎትን ነው የሚጠብቅልዎት።"

ባለሜትሯ ትንሽ አሰበች። የሌለውን እመልሳለሁ ብትላት ኖሮ አታምናትም ነበር። "ይሄን ስጪኝ" አለች። ልጇ ልትናገር ስትል እጇን ያዝ አደረገቻት። "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ልጄ። የኔ አጥንት ነው፤ መርጫለሁ።"

ጥርሷ መታየት ሲኖርበት ሌላ ጉድ ወጣ። የኋላ ጥርሷ በስብሶ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን ስታኝክ ኖራለች። ሰፈር ምላሷን የሚፈራት ሴት፣ እሷ ደግሞ ከሰው ሁሉ የምትፈራው ጥርስ ነቃይ ነው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለች ልጇ።

"እሱን ለተማሪዎችሽ።"

"ጥርሱ ካልተነቀለ መድኃኒቱ የለም፤ መድኃኒቱ ከሌለ ሱቁም የለም።"

ጥርሷን ነክሳ ሄደች እንዳልል የሚያማት እሱው ራሱ ነው። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጥርስ ነቃዩ "አልቋል" ሲላት "ዋሽተሃል" አለችው። በሳህን አድርጎ አሳያት። "ለዚህች ነው ስንት ዓመት የፈራሁት?" አለች፣ በደነዘዘው ግማሽ አፏ።

ድዷ እስኪሽር ቤት ሆና መንቀሳቀስ ተማረች። እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ በጎኗ እንድትገለበጥ፣ ግድግዳ ተደግፋ ጀርባዋን እንድታጠነክር አሳየቻት። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ጎንበስ ብሎ መልቀም ክልክል ነው ስትባል ማግኔት በክር አስራ ማጥመድ ጀመረች። ልጇ ምንጣፉን ሁሉ ሰብስባ አወጣች። መድኃኒቱን በወሰደች ዕለት ደግሞ መርፌው ክንዷ ላይ እንደተተከለ የነርሷ ጋዋን ብብቱ ጋ እንደሚጠብና እንዴት እንደሚስተካከል ስትነግራት ጠብታው አለቀ። ሲመሽ አንቀጠቀጣት፣ ሰውነቷ ሁሉ ተቆራረጠ። ልጇ ደነገጠች፤ እሷ ግን "ተነግሮናል እኮ፣ ምን ያስደነግጥሻል" ብላ ተሸፋፍና ተኛች። ሲያልፍላት ምግብ አምጡ አለች።

ሱሪ ሰፊው በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛች መሰለች። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቆየና ሄደ። ልጇ "ምን አድርጎሽ ነው?" ስትላት "ምንም" አለች። እውነቷን ነው። ችግሩም ምንም አለማድረጉ ነው።

የቀረው ጠረጴዛው ነበር። ክፍሉ ሁለተኛ ጠረጴዛ አይችልም። ያለው ደግሞ የሁለቱ ነው፤ ዝቅ ያለውም በሱ ምክንያት ነው። ድሮ ሲያሠሩት ለሱ ቁመት ከፍ ብሎበት ነበርና "እግሩ ይቆረጥ፣ እኔ ጎንበስ እላለሁ" ያለችው እሷ ናት። ያኔ ጎንበስ ማለት ቀላል ነበር። አሁን ጠረጴዛው ከፍ ካላለ ልጇ ሱቁን አታስረግጣትም፤ ሐኪሟም ከልጇ ጋር ናት። ከፍ እንዲል እሱን መጠየቅ አለባት። እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ "ተሳስቻለሁ" የምትል ቃል ከአፏ ማውጣት አለባት፤ ይቺን ቃል ደግሞ ሞክራት አታውቅም። ከጥርሷ ይልቅ ይቺ ከበደቻት።

"እኔ ላናግረው?" አለች ልጇ።

"የራሴን ጣጣ ራሴ እወጣዋለሁ። አጥንቴ ነው የሳሳው፣ ምላሴ አይደለም።"

ረፋዱ ላይ ሱቁ ገባች። ሱሪ ሰፊው ክር ሊያስገባ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ነበር። አሻንጉሊቷን አልፋት ሄደችና ፊቱ ቆመች።

"ጨርቁ አልረዘመም" አለችው። "ካውያውም አልጎተተውም። እኔ ነኝ ያጠርኩት። ተሳስቻለሁ።"

ሰውዬው አልደነገጠም። ክሩን አስገብቶ ቋጠረው።

"አውቃለሁ" አለ።

"ልጄ ነገረችህ?"

"ማንም አልነገረኝም። ድሮ ስታወሪኝ ቀና ብዬ ነበር የማይሽ። ከአምና ወዲህ ቀና ማለት ቀርቶልኛል።"

ባለሜትሯ የስፌት መኪናዋን ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው እኔ ነኝ ያልከኝ?"

"ምን ልበልሽ? ቀሚሱ ደህና ነው፣ ያነስሽው አንቺ ነሽ ልበልሽ?" መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው። በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። "እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። ማጠሯን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ለወንድሞቼ ነገርኩ። ተሰብስበን ከእንግዲህ አትሠሪም ብለን አስቀመጥናት። እንደተቀመጠች ቀረች። አንቺንም ከተናገርኩ ያስቀምጡሻል ብዬ ፈራሁ። ኩርፊያሽ ይሻለኛል አልኩ። ብታኮርፊም እዚሁ ነሽ።"

እንባዋ መጣ። ከእንባዋ ግን ቁጣዋ ቀደመ፤ ተፈጥሮዋ ነው። "አንተ ሆድ ይፍጀው ስትል የኔን አጥንት ፈጀው። ያኔ ብትነግረኝ ይሄ አንጓ ላይሰበር ይችል ነበር። ይገባሃል?"

"ይገባኛል" አለ፤ ዓይኑን ከጭኑ አላነሳም። "ጥቅሉን ስታወርጂ ድምፁን እኔም ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።"

ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ባለሜትሯ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች።

"ብትነግረኝም አልሰማህም ነበር" አለች ቆይታ። "የሐኪም ቤቱን መለኪያ እንኳ አላመንኩም። ለማንኛውም ጠረጴዛው ከፍ ይላል።"

"ይበል።"

"አንተስ?"

"ሳጥን ላይ እቆማለሁ። አንቺ ለኔ ስትጎነበሺ ኖረሻል፤ እኔ ላንቺ ብወጣ ምን አለበት።"

"አንድ ነገር ግን አለ" አለች። "እኔ የራሴን ማየት አልችልም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከእንግዲህ ያየኸውን ትነግረኛለህ፤ ባይጥመኝም፣ ብቆጣህም። የሚያስቀምጠኝ ማንም የለም፤ ሐኪሟ እንኳ ተቀመጪ አላለችኝም።"

"ሁሉን?"

"ሁሉን።"

ሱሪ ሰፊው ተነሳ። እሷንም "ተነሺ" አላትና ተነሳች። ጠረጴዛውን ዞሮ ከኋላዋ መጣና ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ደንበኛ እንደሚያይ ትኩር ብሎ አያት።

"ቀኝ ትከሻሽ ከግራው ዝቅ ብሏል" አለ። "ጀርባሽን ሳያምሽ በፊት ጀምሮ ነው።"

ባለሜትሯ እጇን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ይህንን አላወቀችም ነበር። ለሐኪሟ መነገር አለበት፤ ትነግራታለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀርባዋን የቻለችውን ያህል አቅንታ፣ ሁለት እጇን ወደ ጎን ለቀቀች።

"ሌላስ?" አለችው።